ለዓሣ መተላለፊያ ስንት ውኃ ይበቃል?

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ ማለዳ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ተጓዥ ሁሉ ሦስት ነገር እንደሚያሻው ይረዳል። ይኸውም መነሻ፣ መድረሻና በመካከሉ ያልተቋረጠ መንገድ ነው። ሰው አውቶቡሱ ቢያመልጠው በማግሥቱ ሌላ ያገኛል። መንገዱ ውኃ ለሆነው ፍጥረት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዓሣ ዕንቁላሉን ወደሚጥልበት ወንዝ ለመውጣት ጊዜው ሲደርስ ውኃ ካጣ፣ የሚያመልጠው የአንድ ቀን ጉዞ ሳይሆን የዓመቱ ዘር ነው።

በአሞራ ገደል ዓሣ ሲቀርብልን ስለ ጣዕሙና ስለ ዋጋው እንጂ ስለ መንገዱ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ መሆኑንስ ስንቶቻችን እናስተውላለን? የሐይቅ ሕይወት ከገባር ወንዞቹ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ለመረዳት ግን በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ጣና ነው።

የጣና ሐይቅ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዓሦቹን ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስለሚያኖራቸው፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዝርያዎች በውስጡ ተፈጥረዋል። የአካባቢው ሰው በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚላቸውን የሆላንድ ሊቃውንት መርምረው በ15 ዝርያ ከፍለዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ መሆናቸው ለሊቃውንቱ ትልቅ መደነቂያ ሆኗል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎችም ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ጥሩ አየር ያለበት ጠጠራማ ወራጅ ውኃ ነው። የወንዙ አፍ እንግዲህ የዓሦቹ መናኸሪያ ነው ማለት ይቻላል። አጥማጁም ይህንን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው በዚያው ነው። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በመረቡ ላይ ደግሞ ግድብና የመስኖ መጥለፊያ ሲጨመር ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው።

ታዲያ በወንዙ ውስጥ ለዓሣው ስንት ውኃ ይተውለት? ይህ ጥያቄ በስሜት የሚመለስ አይደለም፤ ልክ አለው። ቴናንት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ዘዴ፣ ከወንዙ አማካይ የዓመት ፍሰት 10 በመቶው ብቻ ከቀረ ፍጥረቱ ለአጭር ጊዜ ነፍሱን ያቆያል፤ 30 በመቶ ሲሆን ደህና ይኖራል፤ 60 በመቶ ሲሆን እጅግ ይመቸዋል። በአገራችንም ከጣና መውጫ ላይ ጨረጨራ የተባለው የውኃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ፣ ለጢስ ዓባይ መተው የሚገባው ውኃ ተጠንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ይኸው ጥናት የወንዙን ሕይወት ለመጠበቅ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከአማካዩ ፍሰት 22 በመቶ፣ እንደሚያስፈልግ ገምቷል።

ነገር ግን መቶኛ ብቻውን ዓሣን አያሻግርም። ሌላው ዘዴ ከመልካ ይጀምራል። መልካ ወንዙ ሰፍቶና ሳስቶ የሚሄድበት ስፍራ ስለሆነ ለሰውና ለከብት ምቹ መሻገሪያ ነው። ለሰው የቀለለው ይኸው ስፍራ ለዓሣ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ ሆዱ መሬት የሚነካው በዚያ ነውና። ስለዚህ ባለሙያው እጅግ የሳሳውን መልካ ይመርጥና ጥልቀቱን ከዳር እስከ ዳር ይለካል። ቶምፕሰን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 በኦሬገን ለትልቁ የሳልመን ዓሣ ያወጣው ልክ፣ ከወንዙ ወርድ ቢያንስ ሩቡ 24 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረውና ከወርዱ አንድ አሥረኛው ሳይቆራረጥ እንዲያያዝ ይጠይቃል። ይህን ጥልቀት የሚሰጠው ፍሰት ዝቅተኛው የመተላለፊያ ልክ ይባላል። የኛ ነጭ ዓሣ ልክ ግን ከኦሬገን የሚቀዳ ሳይሆን ከራሱ ከነጭ ዓሣው ቁመትና ጉልበት የሚወሰን መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዝቅተኛ ፍሰት ሲባል ወዲያው የሚታሰበው በጋ ነው። የጣና ዓሣ የሚጓዘው ግን በክረምት ነው። ግድብም የሚሞላው በዚያው በክረምት ነው። በጋውን ውኃ እየለቀቀ የሚመሰገን ግድብ፣ ክረምቱን በሩን ዘግቶ የዓሣውን መንገድ ሊያደርቅ ይችላል። ዝርያዎቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት አብረው ስለማይወጡም፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ውኃ ለቅቆ ግዴታን ተወጣሁ ማለት አይበቃም። የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ሳይሆን በየወሩ የተከፋፈለ የውኃ መርሐ ግብር ነው። የዓሣ ደረጃ ቢሠራም እንኳ ውኃ ካልወረደበት ዓሣ የሚወጣበት አይሆንም።

ገበሬው መስኖ አያስፈልገውም ማለታችን ግን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አዋጅ ለሰው መጠጥ ቅድሚያ መስጠቱም ትክክል ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ደግሞ፣ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዙ ለራሱ የሚበቃው ውኃ አስቀድሞ ከተቀመጠ በኋላ የተረፈው እንዲከፋፈል ደንግጋለች። እኛም ከዚህ የምንማረው፣ ወንዙ ከማዕዱ የተረፈውን የሚለቅም ለማኝ ሳይሆን ባለ ድርሻ ሆኖ መቆጠር እንዳለበት ነው።

ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የግድብ ወይም የመስኖ ሰነድ የሚቀርብለት ወጣት፣ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ዓሣው የሚያልፈው በየትኛው ወር ነው? በሳሳው መልካ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይቀራል? በሩን የሚከፍተውስ ማን ነው፤ ባይከፍትስ የሚጠይቀው ማን ነው? በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናኦ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ የራሱ ብቻ የሆኑ 17 የዓሣ ዝርያዎች ነበሩት። ምክንያቱ ከውጭ የገባ በላተኛ ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ ሆኖ፣ 15ቱ ከምድር መጥፋታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ተነገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ሰነድ አንድም ዓሣ አይመልስም። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ዛሬም በሐምሌ ጎርፍ ወደ ወንዙ አፍ ይመጣል፤ ልኩን ለመወሰን ጊዜው አሁን ነው።