ቋንቋ ወንበር ሲያገኝ

አንባቢ ሆይ፤ ከመካነ ሰላም ወጥተህ ወደ ምዕራብ ብታቀና ምድሩ እየወረደ ከዓባይ ሸለቆ ያደርስሃል። ማዶ የሚታይህ ጎጃም ነው። በዚያ አገር አንድ ቋንቋ ሞቷል፤ ሌላው ግን በመሥሪያ ቤት ወንበር አግኝቷል። የዛሬው ጨዋታችን በእነዚህ በሁለቱ ነው።

የሞተው ጋፋትኛ ነው፤ የአማርኛና የጉራጌኛ ዘመድ ነበረ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል። ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ተናጋሪዎቹን ቢፈልግ ያገኘው አራት ሰዎች ብቻ ነው። ተማሪ ቤት ያልተማረበት፣ ዳኛ ያልፈረደበት ቋንቋ መጨረሻው ይኸው ሆነ።

ሁለተኛው አዊኛ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጣቸው፤ ምክር ቤቶቻቸውም የሥራ ቋንቋቸውን ሊወስኑ ይችላሉ። ስለዚህ በእንጅባራና በአካባቢዋ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት በአዊኛ ነው፤ በአማርኛ ለሌለው ድምፅ «ጘ» የሚባል ፊደል ይማራሉ። የክልሉ ራዲዮም በአዊኛ ያሰማል።

ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አይናገርም። አንድ ክረምት ወደዚያ ተሻግሬ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ደጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። በአዊኛ ብዙ ተናገሩ፤ በእጃቸው ድንበር አሳዩ፤ ዕንባም ተናነቃቸው። ልጁ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «የመሬት ነገር ነው» ብቻ አለ። ጸሐፊውም ያችኑ ጻፈ።

እንግዲህ የቀረውን ነገር ማን ይጻፈው? በወንጀል የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ባያውቅ መንግሥት በወጪው አስተርጓሚ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ለአቤቱታ የመጣውስ በልጅ አፍ ይታመን?

ምናልባት «ትንሽ ቋንቋ እንዲህ ያለ ድካም ይገባዋልን?» ትል ይሆናል። በብሪታንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል አገር አለ። ቋንቋው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሕዝብ አፍ እየጠፋ ነበር። ወዳጆቹ ከመጻሕፍት ለቅመው አስነሡት፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2002 አወቀው፤ የአገሩ ምክር ቤት ዛሬ የመንገድ ስም ሰሌዳ ሲያድስ በሁለት ቋንቋ ያስጽፋል። እነርሱ የሞተውን ለማስነሣት ይደክማሉ፤ የእኛው ግን በሕይወት ሳለ ደጅ ይጠናል።

አንተ ተማሪ፣ ነገ ጸሐፊ ትሆናለህ። አንተም ጸሐፊ፣ የተመደብህበትን አገር ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የመሬቱን ቃል ተማር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ልጁን ወደ ተማሪ ቤት ሰድደው ብቻቸውን ይመጣሉ።