ሚዛኑ ጎደለ ለማለት ስንት ጆንያ ይበቃል?



በማሾ ሰሞን ሸዋ ሮቢት ገበያ የቆመ ሰው አንድ ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። ገበሬው «እኔ የመዘንኩት 50 ኪሎ ነው» ይላል፤ ገዢው «ሚዛኔ 49 ነው የሚለው» ይላል። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ወላሂውም ይበዛል። ሚዛን ማጉደል ቀላል ነገር አይደለም፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ያለ ማስረጃ ሰውን ሌባ ማለትም ቀላል አይደለም። በሁለቱ መሃል ለመወሰን የሚረዳው ደግሞ አብዛኞቻችን ለፈተና ሸምድደን የምንረሳው ምዕራፍ ነው፦ በአንድ ናሙና አማካይ ላይ የሚደረግ የመላምት ፈተና።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስብ። በተረጋገጠ ሚዛን እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ የሆኑ 9 ጆንያዎች ይዘን ገዢው ዘንድ ሄድን። ሚዛኑ የሚንጠለጠል ነው፤ ጆንያው ይወዛወዛል፣ መርፌው ይንቀጠቀጣል። ንባቡ ይህ ሆነ፦ 50.6፣ 48.2፣ 49.4፣ 50.0፣ 48.8፣ 49.4፣ 50.6፣ 48.2፣ 49.4። አማካዩ 49.4 ነው። ግን ሁለቱ ከ50 በላይ ናቸው! ታዲያ ሚዛኑ ያጎድላል ወይስ መርፌው ስለተንቀጠቀጠ ነው?

መነሻችን «ሚዛኑ ትክክል ነው፣ የንባቡ እውነተኛ አማካይ 50 ነው» የሚል ነው። ናል ሃይፖቴሲስ የሚባለው ይህ ነው። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ማስረጃ የሚጠየቀው ከሳሹ እንጂ ተከሳሹ አይደለም። ተቃራኒው መላምት «አማካዩ ከ50 ያንሳል» ይላል።

ጉድለቱ 0.6 ኪሎ ነው። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በራሱ አይታወቅም፤ ከመንቀጥቀጡ ጋር መነጻጸር አለበት። የንባቦቹ ስታንዳርድ ዴቪየሽን 0.9 ነው። ይህ ግን የአንድ ንባብ መዋዠቅ ነው። የ9 ንባቦች አማካይ ያን ያህል አይዋዥቅም፤ ወደ ላይ የሳተውና ወደ ታች የሳተው ይጣፋሉ። ስለዚህ 0.9ን ለ9 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ3 እናካፍላለን፤ 0.3 ይሆናል። ጉድለቱ የዚህ ሁለት እጥፍ ነው፤ የቲ ዋጋ −2.0።

እዚህ ላይ የኖርማል ሠንጠረዥ አይሠራም፤ 0.9ን ራሱን ያገኘነው ከ9 ጆንያ ብቻ ነውና። ለትንሽ ናሙና የሚሆነውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ የደብሊን ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር (ስሌቱ ሐላል ነው፣ አትስጉ)። ፋብሪካው በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀደለት «ስቱደንት» ብሎ ፈረመ፤ ያው ተማሪ እንደኛ።

በዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 8 እና በ5 በመቶ፣ ለ«ያንሳል» ጥያቄ ድንበሩ −1.860 ነው። −2.0 ድንበሩን አልፏል፤ ስለዚህ «ትክክል ነው» የሚለውን እንጥላለን። ግን ጥያቄያችን «ከ50 ይለያል ወይ፣ በመጉደልም በመብለጥም?» ቢሆን ኖሮ ድንበሩ 2.306 ይሆንና አናልፈውም። ያው ጆንያ፣ ያው መርፌ፣ ሁለት ፍርድ! ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ የሚመቸውን ጥያቄ ይመርጣል። ይህ ለእኔ ከማጭበርበር አይለይም። ጥያቄው ከመመዘኑ በፊት መጻፍ አለበት። ገበሬው የሚከሰው በመጉደል ብቻ ስለሆነ እዚህ የመጀመሪያው ተገቢ ነው፤ ግን አስቀድሞ ከተባለ ብቻ።

ድንበሩን ባናልፍ ኖሮስ? «ማስረጃው አልበቃም» እንል ነበር እንጂ «ሚዛኑ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ» አንልም።

5 በመቶውም ዋጋ አለው። 20 ትክክለኛ ሚዛኖችን በዚህ መንገድ ብንፈትን በአማካይ አንዱ ያለ ጥፋቱ ይወነጀላል። ያ አንዱ ሰው የጎረቤታችን አባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን በ9 ጆንያ አፌን አልከፍትም፤ ሌላ ቀን ሄጄ 36 እመዝናለሁ። አማካዩ 49.4፣ ዴቪየሽኑም 0.9 ሆኖ ከተገኘ 0.9 ለ6 ሲካፈል 0.15 ነው፣ ቲ ደግሞ −4 ይደርሳል። ያኔ ስለ ሚዛኑ መናገር ይቻላል። ስለ ሰውየው ኒያ ግን አሁንም ምንም አልተፈተነም፤ ስፕሪንጉ አርጅቶም ሊሆን ይችላል።