ለምታማርጥ ድመት ምግብ ስለ መምረጥ

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ተረቱ የሚነገረው ጠባዬን ለውጫለሁ ካለ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ለሚመለስ ሰው ነው፤ ድመቲቱን ግን ስለ ነገሩ የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ በቂ መልስ ባላጣች ነበር። ሥጋ መብላት የሰውነቷ አሠራር የጣለባት ግዴታ ነውና። በጾም ወራት የሽሮ ፍትፍት ቀርቦላት አሽትታ ፊቷን የምታዞር ድመት በቤተሰቡ ዘንድ «ቅምጥል» ትባላለች፤ «ተዋት፣ ሲርባት ትበላለች» የሚል ፍርድም ይሰጥባታል። ይህ ፍርድ ለምን አደገኛ እንደ ሆነ፣ እንዲህ ላለችው ድመትም ተስማሚ የሆነው እርጥብ ምግብ እንዴት እንደሚመረጥ በሚከተሉት አንቀጾች ታነባላችሁ።

የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህች አውሬ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ደረቅ አገሮች ጭምር የምትኖርና አይጥን፣ ወፍንና እንሽላሊትን እያደነች የምትመገብ ናት። የአይጥ ሰውነት ከመቶ 70 ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ፣ አዳኟ የምትበላውንና የምትጠጣውን ባንድነት ታገኛለች። ከዚህ አኗኗር የተወረሱ ሁለት ነገሮች ዛሬም በቤታችን ድመት ላይ ይታያሉ። አንደኛው፣ ጥማት ቶሎ የማይሰማት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጣፋጭ ነገር አለመለየቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ ጣፋጭነትን የሚቀበለው የምላስ ክፍል እንዲሠራ ከሚያስፈልጉት ሁለት ዘረመሎች አንዱ በድመት ላይ ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ብትሰጧትና ብትተወው፣ ውለታችሁን ንቃ አይደለም።

ድመት ሥጋ የሚያስፈልጋት ጣዕሙን ስለምትወድ ብቻ አለመሆኑ የታወቀው ግን በብዙ ድመቶች ጉዳት ነው። በእንስሳት ሥጋ ውስጥ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውና ውሻ ይህን ንጥረ ነገር በሰውነታቸው ውስጥ ሊሠሩት ሲችሉ፣ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አትችልም። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ታውሪን የጎደለው ምግብ የተመገቡ ድመቶች የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን እየተበላሸ እንደሚሄድ ገለጹ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የሚሠሩ ሐኪሞች ሌላ ነገር አገኙ። ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ ወደ ሕክምና የመጡ ድመቶች ደማቸው ሲመረመር ታውሪን አንሶት ተገኘ። የሚያስደንቀው፣ ድመቶቹ ይመገቡ የነበረው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለድመት የሚሸጠውን ምግብ መሆኑ ነው። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ፤ ከዚያ ወዲህም ፋብሪካዎች የታውሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ። ከታውሪን ሌላ፣ ድመት በካሮት ውስጥ ያለውን ቀለም ወደ ቪታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ ቪታሚኑን ተዘጋጅቶ ማግኘት ያለባት ከእንስሳት ነው።

እንግዲህ እርጥብ ምግብ የምንለው በጣሳ ወይም በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚደርሰው ክፍሉ ውሃ የሆነውን ነው። ጥራጥሬ የሚመስለው ደረቅ ምግብ ግን ውሃው ከመቶ 10 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ደረቁን የምትበላ ድመት ጉድለቱን ጠጥታ ማሟላት ሲገባት፣ ጥማቷ ደካማ ስለ ሆነ አታሟላውም፤ ሽንቷም ይወፍራል። በተለይ ወንዱ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ በመሆኑ፣ አሸዋ መሰል ነገር ተጠራቅሞ ሊዘጋበት ይችላል። ሊሸና እየሞከረ የሚያቅተው ወንድ ድመት ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። እርጥብ ምግብ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ የውሃ ጉዳይ ነው።

ጣሳው በእጃችሁ ሲገባ በቅድሚያ የምትፈልጉት ሥዕሉን ሳይሆን «ሙሉና የተመጣጠነ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ነው። ይህ ቃል ከሌለና «ተጨማሪ ምግብ» የሚል ከተጻፈበት፣ ምግቡ አልፎ አልፎ ለመቅመስ እንጂ ለዘወትር አይሆንም። ቀጥሎም ለግልገል ወይስ ላደገች ድመት መሆኑን ተመልከቱ። የሰዋስው ተማሪ እዚህ ላይ የተለየ ጥቅም አለው፤ የአንድ ቃል ልዩነት ብዙ ነገር ይለውጣልና። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ጣሳው «የዶሮ ሥጋ» ተብሎ ከተሰየመ፣ ለዝግጅት የተጨመረው ውሃ ሳይቆጠር ከመቶ 95 ያህሉ ዶሮ መሆን አለበት። «የዶሮ ሥጋ ያለበት» ከተባለ ግን ከመቶ 3 ይበቃዋል። «የዶሮ ጣዕም ያለው» የተባለው ደግሞ ጣዕሙ እንዲታወቅ እንጂ ይህን ያህል ሥጋ ይኑረው ተብሎ አልተወሰነበትም። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢው ግን ባለማስተዋሉ ተታሏል።

በቍጥሮቹም እንዳትታለሉ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ጣሳ ፕሮቲኑ ከመቶ 10፣ ውሃው ከመቶ 78 ነው እንበል። አንድ ከረጢት ደረቅ ምግብ ደግሞ ፕሮቲኑ ከመቶ 32፣ ውሃው ከመቶ 8 ይሁን። ላይ ላዩን ለተመለከተው ደረቁ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን ከጣሳው ላይ ውሃው ሲቀነስ የሚቀረው ደረቅ ክፍል 22 ብቻ ነው፤ 10 ለ22 ሲካፈል ከመቶ 45 ያህል ይሆናል። በሌላው በኩል 32 ለ92 ሲካፈል ከመቶ 35 ያህል ነው። ስለዚህ የሚበልጠው ጣሳው ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መለኪያ ላደገች ድመት የሚያዘው ፕሮቲን ከደረቁ ክፍል ቢያንስ ከመቶ 26፣ ለግልገል ከመቶ 30 ነው።

መልካሙ ጣሳ ተመርጦ ሳለ ድመቲቱ አልበላም ብትልስ? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ውሻ ተርቦ ቢሰነብት ሲያገኝ በልቶ ያገግማል። ድመት ግን፣ በተለይ የወፈረች ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ስትቀር በሰውነቷ የተከማቸው ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቱ ስቡን ማስወገድ ሲያቅተው ይታመማል፤ ሕመሙም የምግብ ፍላጎቷን ጨርሶ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ሥጋም ቢቀርብላት አትነካም፤ ሳትታከም ከቀረች ትሞታለች። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው አነጋገር ውሸትነቱ በዚህ ይታወቃል፤ ስትራብ የማትበላበት ጊዜ ይመጣልና። ስለሆነም አንድ ሙሉ ቀን እህል ያልቀመሰችን ድመት ሐኪም እንዲያያት ማድረግ ይገባል፤ ለግልገል ይህም ቀን ብዙ ነው። ደግሞም ቀድሞ በደንብ ትበላ የነበረች ድመት በድንገት ማማረጥ ከጀመረች፣ ጥርሷ ታሞ ወይም አፍንጫዋ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ «አመለኛ» ከማለታችሁ በፊት አፏን ተመልከቱ።

ጤነኛ ሆና የምታማርጠዋን ድመት ማላመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ድመት ምግቧን ከመቅመሷ አስቀድማ የምትመረምረው በሽታው ነው፤ የቀዘቀዘ ምግብ ደግሞ ሽታው ደካማ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ምግብ ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ እንደ አዲስ የታደነ አይጥ ለብ ቢል፣ ሳትነካ የተወችውን ልትበላ ትችላለች። አዲሱን ዓይነት በአንድ ጊዜ አትተኩ። ከለመደችው ሦስት እጅ ጋር አንድ እጅ አዲስ ቀላቅሉ፤ በሰባት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ እያበዛችሁ ሂዱ። የቀረበላት ሳህን የጎደጎደ ሳይሆን ዝርግ፣ ቦታውም ከምትጸዳዳበት የራቀና ጸጥ ያለ ይሁን። ገና ከግልገልነቷ ልዩ ልዩ ዓይነት የቀመሰች ድመት ስታድግ እምብዛም አታስቸግርም።

የታሸገው ምግብ ከውጭ አገር የሚመጣና ዋጋው የማይቀመስ ስለ ሆነ፣ በአገራችን ያለው አብዛኛው ድመት የሚያድረው በቤት ትርፍራፊና በአይጥ ነው። አይጡን ከአጥንቱና ከሆድ ዕቃው ጋር ስለምትበላው የተሟላ ምግብ ይሆናታል። ትርፍራፊው ግን ይለያል። ወጣችን ሁሉ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ። ስለዚህ ለእርሷ የታሰበው ሥጋ ሽንኩርቱና በርበሬው ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ፣ ለብቻው ተቀቅሎ መቀመጥ አለበት። ጉበት አብዝታ ብትወደውም የዘወትር ቀለብ አይሁን፤ ቪታሚን ኤው ሲበዛ የአንገቷን አጥንት ያበላሻል። ቀይ ሥጋ ብቻ ለወራት የምትመገብ ግልገል ካልሲየም ስለሚያንሳት አጥንቷ ይሳሳል፤ ጥሬ ዓሣ አዘውትራ የምትበላም ቪታሚን ቢ አንድ ሊጎድላት ይችላል። ወተትስ? ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። እንጀራም ቢሆን በመረቅ ሲርስ ሆድ ይሞላል እንጂ ታውሪን የለውም።

ምርጫው መስማማቱን ለማወቅ ድመቲቱን በየሳምንቱ መመዘን ነው። ሚዛን ላይ አትቆምላችሁም፤ እናንተ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ቀጥሎም ታቅፋችኋት ተመዘኑና የፊተኛውን ከኋለኛው ቀንሱ። ቍጥሩን ከቀኑና ከሰጣችኋት ምግብ ጋር በደብተር ጻፉ፤ ወደ ሐኪም የምትሄዱበት ቀን ቢመጣ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።