ያውቁ ኖሯል? የናላንዳ መነኮሳት የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው

በምሥራቅ ሕንድ፣ በቢሃር ግዛት የሚገኘው ናላንዳ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የቡድሃ ገዳም ነበር። ገዳም ይባል እንጂ ከቻይና ድረስ ተማሪ የሚመጣበት የዕውቀት ቤትም ነበር፤ ዝነኛው መነኩሴ ሹዋንዛንግ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ተምሯል። ከገዳሙ ፍርስራሽ በቁፋሮ የወጡት ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1917 በተቋቋመው ሙዚየም ይታያሉ። የነሐስና የድንጋይ ሐውልቶቹ ያምራሉ፤ በእሳት የከሰለ ሩዝ እንኳ አለ። የሚደንቁት ግን ትናንሾቹ የሸክላ ማኅተሞች ናቸው፦ መሐል ላይ መንኰራኩር፣ ግራና ቀኝ ሁለት አጋዘኖች፣ ከሥር የናላንዳ ታላቅ ገዳም መነኮሳት ማኅበር ማኅተም መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ። መንኰራኩሩ የቡድሃ ትምህርት ምልክት ነው፤ አጋዘኖቹ ደግሞ የመጀመሪያ ስብከቱን የሰጠበትን፣ በቫራናሲ አቅራቢያ ያለውን የአጋዘን መናፈሻ ያመለክታሉ።