ጄኔሬተርን ከዕቃዎች ጋር በጥንቃቄ ስለ ማገናኘት

በንግሥ በዓላት ዋዜማ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ብዙ አጥቢያዎች በተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ይገለገላሉ። ለድምፅ ማጉያውና ለመብራቱ ያለው ጥቅም አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ደኅና የሆነ ጄኔሬተርም አቀማመጡና አገናኙ ከተሳሳተ ሕይወት ያጠፋል። ስለሆነም የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታው ነው። የጄኔሬተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ አለበት። ዝናብን ወይም ሌባን በመፍራት መሣሪያውን በዕቃ ቤት ወይም በጥበቃ ቤት ውስጥ ማስነሣት፣ በዚያ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። በርና መስኮት መክፈትም በቂ መከላከያ አይሆንም። ስለዚህ ከሕንፃና ከድንኳን ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ ጎኖቹ ክፍት በሆኑ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። በአካባቢው ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ቢኖር ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ።

ሁለተኛው የጭነት ስሌት ነው። በመሣሪያው ላይ 2500 ዋት ተጽፎ ቢገኝ፣ ለረጅም ሰዓት ከ2000 ዋት በላይ አለመጫን ይመከራል። 500 ዋት የሚወስድ ድምፅ ማጉያና እያንዳንዳቸው 15 ዋት የሆኑ 20 አምፖሎች በድምሩ 800 ዋት ስለሚሆኑ ያለ ችግር ይሠራሉ። የ750 ዋት የውኃ ፓምፕ ቢጨመር ግን ሞተር ሲነሣ የመደበኛውን ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል ሊስብ ስለሚችል ጄኔሬተሩ አይችለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ብቻውን ከዚህ መሣሪያ አቅም በላይ ነው።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። ለጭነቱ የሚበቃ ውፍረት ያለው፣ ያልተላጠና ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ይሁን። በምንጣፍ ሥር አይለፍ፤ ተጠቅልሎ እንዳለም አይሥራ፤ ይግላልና።

አራተኛውና እጅግ አደገኛው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወንዴ ሶኬት በሆኑ ገመድ ኃይሉን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ሕንፃው መላክ ነው። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ ትራንስፎርመር ሲደርስ ወደ 15000 ቮልት ሊያድግ ይችላል፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛም ይገድላል። ሕንፃውን በሙሉ ማብራት የሚፈልግ አጥቢያ፣ ሁለቱ ኃይሎች ፈጽሞ እንዳይገናኙ የሚያደርግ መቀያየሪያ በባለሙያ ያስገጥም፤ የመሬት ሽቦውንም ባለሙያው ይመልከተው። ይህ እስኪሟላ ድረስ ዕቃዎቹ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኙ።

በአሠራርም ረገድ መሣሪያው ያለ ጭነት ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይሰኩ፤ ሲጠፋም አስቀድመው ይነቀሉ። ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ጧፍና ሻማም በአጠገቡ አይብሩ።

ይህን ሁሉ የሚከታተል አንድ ኃላፊ እንዲመደብ አደራ እንላለን። መብራት ቢጠፋ ማኅሌቱ በጧፍ ብርሃን ይቆማል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይተካም።