ተማሪም፣ የአገር አምበልም

ክሪኬት በእንግሊዝና በቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ የሚወደድ ጨዋታ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፤ መቺው ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየረ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይያዝለታል። የቀረው ደንብ ብዙ ነውና እንለፈው። እዚህ የምናየው ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጣ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ሜዳ ተነስቶ እንዴት ብሔራዊ ቡድን ይደርስ እንደነበር ነው።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ከ1827 ጀምሮ ይጋጠማሉ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለረጅም ዘመን የሁለቱ ቡድኖች ጨዋታ «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። በሚያዝያና በግንቦት የየክፍለ ግዛቱ ባለሙያ ቡድኖች ወደ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ይመጡ ነበር፤ ገና ፈተናውን ያልጨረሰ ተማሪ ለእንጀራቸው ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ይገጥም ነበር፤ ያገባው ነጥብም ከእነሱ ነጥብ ጋር በአንድ መዝገብ ይሰፍር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ከእነዚያው ቡድኖች ወደ አንዱ ሄዶ ይጫወት ነበር። የውጭ አገር ተማሪም ከዚህ ዕድል አልተከለከለም።

የህንዱ መንሱር አሊ ካን ፓታውዲ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። አባቱም ኦክስፎርድ ተምረው ለእንግሊዝም ለህንድም የተጫወቱ ናቸው። ልጅየው በ1961 የኦክስፎርድ አምበል ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ሆቭ ከተማ ውስጥ በደረሰ የመኪና አደጋ የመስታወት ስባሪ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ማየት አቆመ። በአንድ ዓይን ርቀት መገመት አስቸጋሪ ነው፤ ክሪኬት ላይ ደግሞ በፍጥነት የሚመጣን ኳስ ርቀት መገመት የሥራው ግማሽ ነው። ፓታውዲ ኳሱ ሁለት ሆኖ ይታየው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ መጽሐፉ ይመለስ ነበር። እሱ ግን በታኅሣሥ ዴልሂ ላይ ለህንድ ተሰለፈ፣ በቀጣዩ ወር ማድራስ ላይ በእንግሊዝ ላይ 103 ነጥብ አገባ። በመጋቢት 1962 የቡድኑ አምበል ናሪ ኮንትራክተር ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ሲወድቅ ቦታውን የተረከበው የ21 ዓመቱ ፓታውዲ ነው። ከ46 ዓለም አቀፍ ጨዋታዎቹ 40ውን በአምበልነት ተጫውቷል፤ በ1968 ህንድ ከአገሯ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከታታይ ውድድር ያሸነፈችው በእሱ መሪነት፣ ኒውዚላንድ ላይ ነው።

የፓኪስታኑ ኢምራን ካንም እንዲሁ ነው። በ1974 የኦክስፎርድ አምበል ሆኖ ሳለ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ለአገሩ ተሰለፈ፤ በ1975 ተመረቀ፤ በ1992 የዓለም ዋንጫን አነሳ፤ በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ዛሬ ያ መሰላል የለም። የዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎች የአንደኛ ደረጃ ማዕረጋቸው ተነስቷል። የብሪታንያ የተማሪ ቪዛም የያዘው ሰው በባለሙያ ወይም በከፊል ባለሙያ ደረጃ እንዲጫወት አይፈቅድም፤ ክፍያ ባይኖረውም እንኳ። ክልከላው ክሪኬት ላይ ብቻ ሳይሆን እግር ኳስንና ሩጫንም ይመለከታል። ስለዚህ ወደዚያ ለትምህርት የምትሄድ ስፖርተኛ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ከማንኛውም ክለብ ጋር ከመፈራረማቸው በፊት ቪዛቸው ላይ የተጻፈውን ገደብ እንዲያነቡ ንገሯቸው።