አስን ማቆየት፦ የብሪጅ ባለውል ዕቅድ

በኢትዮጵያ ከጥንት የታወቁት የሐሳብ ጨዋታዎች፣ ገበጣም ሆነ ሰንጠረዥ፣ ከተጫዋቹ ዓይን የሚሰውሩት ነገር የለም፤ በገበጣው ጉድጓድ ያለው ጠጠር በግልጽ ይቆጠራል፣ ዓፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር በሚነገረው በሰንጠረዥም የሁለቱ ወገን ሠራዊት ሜዳው ላይ ተሰልፎ ይታያል፤ ስለዚህ የተሸነፈው ሰው አላሰብሁም ይል እንደሆነ እንጂ አላየሁም ሊል አይችልም። ካርታ ግን የባላጋራውን እጅ ስለሚሰውር፣ በዲላም ሆነ በአዲስ አበባ በኮንከር የለመደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን ለዕድል ይተወዋል። ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው፤ ከ52ቱ ካርታዎች 26ቱ ለዋናው ተጫዋች ይገለጡለታል፣ 26ቱ ይሰወሩበታል፤ ዕቅድ የሚባለውም የታየውን ቆጥሮ ስላልታየው መፍረድ ነው።

ጨዋታውን አራት ሰዎች ይጫወቱታል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አጋሮች ሲሆኑ፣ መቀመጫዎቹም በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ስም ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይታደላል፤ አንዱ ካርታ ሲጥል ሌሎቹ የዚያ ዓይነት ካርታ ካላቸው ያንኑ የመከተል ግዴታ አለባቸው፣ ከፍተኛውን የጣለም ዙሩን ወስዶ ቀጣዩን ይጀምራል፤ በዚህ ሁኔታ 13 ዙር ይካሄዳል። ከዚህ በፊት ግን ጨረታ አለ። ጥንዶቹ ስንት ዙር እንደሚወስዱ ተራ በተራ ቃል ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውን ቃል የሰጠው ጥንድ ቃሉ ውል ይሆንበታል፣ ውሉን የሚፈጽመውም ተጫዋች ባለውል ሊባል ይችላል። ይህን የውል ሥርዓት ዛሬ ባለበት መልክ ያደራጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ሲሆን፣ የነጥብ አሰጣጡን በ1925 እ.ኤ.አ. በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ሲጓዝ አውጥቶታል።

ከባለውሉ በስተግራ ያለው ባላጋራ የመጀመሪያውን ካርታ እንደጣለ፣ የባለውሉ አጋር እጁን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ከጨዋታው ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ባለውሉ ሁለቱንም እጅ ብቻውን ያዝዛል። ጀማሪ ተጫዋች እዚህ ላይ ካርታ ለመጣል ይቸኩላል፤ ልምድ ያለው ግን እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ያቺ አንዲት ደቂቃ ከተከታዮቹ ዙሮች ሁሉ ትበልጣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ባለውሉ በደቡብ ተቀምጧል፤ ውሉ 9 ዙር መውሰድ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚበልጥ የበላይ ዓይነት የሌለበት ነው። በእጁ ያሉት በጥቁር ልብ አስ፣ 8 እና 4፤ በቀይ ልብ አስ፣ ንጉሥና 5፤ በዳይመንድ ንግሥት፣ 8 እና 2፤ በአበባ ደግሞ አስ፣ 7፣ 6 እና 3 ናቸው። የተዘረጋው የሰሜን እጅ በጥቁር ልብ 7 እና 3፤ በቀይ ልብ 8፣ 6 እና 4፤ በዳይመንድ አስ፣ ጃክ፣ 10፣ 9 እና 5፤ በአበባ ንጉሥ፣ 8 እና 4 አለው። ምዕራብ የጥቁር ልብ ንጉሥን ጥሏል።

የመጀመሪያው ሥራ ያለምንም ትግል የሚወሰዱትን ዙሮች መቁጠር ነው፤ ከጥቁር ልብ አንድ፣ ከቀይ ልብ ሁለት፣ ከዳይመንድ አንድ፣ ከአበባ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት። የጎደሉት ሦስቱ ከየት ይመጣሉ? ከዳይመንድ በቀር ሌላ ምንጭ አይታይም። ባለውሉ የዳይመንድ ንግሥትን ከእጁ ሲጥል ምዕራብ ትንሽ ካርታ ከሰጠ፣ ከተዘረጋው እጅ 5ቷ ትጣላለች፤ የጠፋው የዳይመንድ ንጉሥ በምዕራብ እጅ ከሆነ በአሱ ሥር ታፍኖ ይቀራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አምስቱም የዳይመንድ ዙሮች ይገኛሉ። ንጉሡ በምሥራቅ እጅ ከሆነ ግን ዙሩን ይወስዳል፤ ያም ሆኖ አስ፣ ጃክ፣ 10 እና 9 አራት ዙር ስለሚያመጡ ሒሳቡ ዘጠኝ ይሞላል። ንጉሡ ከሁለቱ ባላጋሮች በአንደኛው እጅ የመሆኑ ዕድል እኩል ስለሆነ፣ ዕቅዱ ሁለቱንም መቻል አለበት።

ታዲያ ፍርሃቱ ምንድን ነው? ጥቁር ልብ። በባላጋሮች እጅ ስምንት የጥቁር ልብ ካርታዎች ቀርተዋል፤ እነዚህ 5 ለ 3 የመከፈላቸው ዕድል 47 በመቶ ገደማ ነው። ምዕራብ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 2 ይዟል፣ ምሥራቅም 9፣ 6 እና 5 አሉት ይባል። ባለውሉ አሱን ወዲያው ካወጣና ዳይመንዱን ከጀመረ፣ ምሥራቅ በንጉሡ ይገባና ጥቁር ልብ ይመልሳል፤ ምዕራብም የቀሩትን አራቱን ይሰበስባል። ከዳይመንዱ ጋር አምስት ዙር ጠፋ ማለት ነው፣ ውሉ ደግሞ የሚፈቅደው የአራት ዙር ኪሳራ ብቻ ስለሆነ በአንድ ይፈርሳል።

አሱ ቢቆይስ? በመጀመሪያው ዙር 4ቷ፣ በሁለተኛው 8ቷ ይጣላሉ፣ አሱም በሦስተኛው ይወጣል። ሁለት ዙር በፈቃድ ተሰጠ፤ ነገር ግን ምሥራቅ የነበሩትን ሦስቱንም የጥቁር ልብ ካርታዎች ጨርሷል። አሁን በዳይመንድ ንጉሥ ቢገባ ለአጋሩ የሚመልሰው ጥቁር ልብ የለውም፤ ምዕራብም 10 እና 2ን ይዞ ወደ ዙሩ የሚገባበት በር አያገኝም። ቀይ ልብ ወይም አበባ ቢመጣ ባለውሉ በአስና በንጉሥ ዘግቶታል። ጥቁር ልብ 4 ለ 4 ተከፍሎ ምሥራቅ አንድ ቢተርፈው እንኳ የሚጠፋው ሁለት፣ ከዚያ ዳይመንዱ፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ዙር ነው፤ አራት። ውሉ ጸንቶ ይቆማል።

ይህ ዓይነቱ አሳብ ለጌዴኦ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጌዴኦ ገበሬ ከቡናው ጋር የተከለውን እንሰት በዕድሜ ለይቶ ያውቀዋል፤ የትኛው ዘንድሮ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ለከርሞ እንደሚቆይ ሳይለይ ያገኘውን ሁሉ የሚቆርጥ ሰው ዘንድሮ ጠግቦ ከርሞ ይቸገራል። በብሪጅም አስ ያለው ተጫዋች ችግሩ መውሰድ አለመቻሉ ሳይሆን መቼ እንደሚወስድ አለማወቁ ነው።

ቢሆንም ማቆየት በራሱ ብልህነት አይደለም። አስ፣ ጃክ፣ 10፣ 9 እና 5 ያሉት ረጅሙ ዳይመንድ በባለውሉ እጅ፣ ንግሥቲቱም በተዘረጋው እጅ ቢሆኑ ኖሮ፣ ንግሥቲቱ ከዚያ ስትጣል ዙሩን ሊወስድ የሚችለው ምዕራብ ይሆን ነበር፤ እርሱ ደግሞ የጥቁር ልቡ ባለቤት ስለሆነ አሱን እስከ ሦስተኛው ዙር ማቆየት እርሱን አያግደውም። ስለዚህ ባለውሉ ዙሮቹን ከቆጠረ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ የትኛው ባላጋራ አደገኛ ነው የሚለው ነው፤ ጀማሪዎች ቆጠራውን ቶሎ ይለምዱታል፣ ይህን ጥያቄ ግን ይዘነጉታል። ደግሞም ጥያቄው መነሣት ያለበት ከተዘረጋው እጅ የመጀመሪያው ካርታ ሳይጣል ነው፤ አሱ በመጀመሪያው ዙር ከወጣ በኋላ የሚመጣ ብልሃት ምንም አይጠቅምም።

ሙከራውን ማየት የሚፈልግ አንባቢ አንድ እሽግ ካርታ ወስዶ ከላይ የተጠቀሱትን 26 ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ ይደርድር፣ ለምዕራብና ለምሥራቅ የተባሉትን ጥቁር ልቦች ያከፋፍል፣ የዳይመንድ ንጉሥን ለምሥራቅ ይስጥ፣ ሌላውን እንደወደደ ያድል፤ ከዚያም እጁን ሁለት ጊዜ ይጫወተው፣ አንድ ጊዜ አሱን በመጀመሪያው ዙር፣ አንድ ጊዜ በሦስተኛው በማውጣት። በመጀመሪያው ስምንት ዙር፣ በሁለተኛው ዘጠኝ ያገኛል።